«ከወንጀሉ የቶበተ ወንጀል እንደሌለበት ሰው ነው»፦ መነሻውና ትርጉሙ

ባለፈው ረመዳን ነው። መግሪብ ሊሰገድ ሶፍ (የሰጋጆች ረድፍ) እየተስተካከለ አንድ የሰፈራችን ሰው ገባ። ለዓመታት የመስጂድ ደጃፍ ያልረገጠ፣ ማታ ማታ እየተንገዳገደ ሲገባ ሁላችንም የምናውቀው ሰው። የውዱእ ውሃው ገና ከክርኑ ይንጠባጠባል፣ የሸሚዙ እጅጌ ርሶ ክንዱ ላይ ተጣብቋል። ወደ ፊት አልመጣም። መጨረሻው ሶፍ ላይ፣ ጫማ መደርደሪያው አጠገብ ጥግ ይዞ ቆመ። ከጎኔ የነበረው ልጅ «ዛሬ ደግሞ እሱን ምን አመጣው?» አለ፣ ቀስ ብሎ ግን እንዲሰማ አድርጎ። ከፊታችን የነበሩ አንድ አባት ዞር ብለው «ልጄ፣ ከወንጀሉ የቶበተ ወንጀል እንደሌለበት ሰው ነው» አሉት። ሌላ ቃል አልጨመሩም። ኢማሙ «አላሁ አክበር» አለ።

ይህን አባባል ሙስሊም ቤት ያደገ ሁሉ ሰምቶታል። የቶበተ ማለት ተጸጽቶ ወደ አላህ የተመለሰ ማለት ነው። ከመስማት ብዛት እንደ ሰላምታ እናልፈዋለን። እኔም እስከዚያ ምሽት ድረስ ምን እንደሚል ቆም ብዬ አላሰብኩም ነበር።

መነሻው የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሐዲስ ነው፦ «አት-ታኢቡ ሚነዝ-ዘንቢ ከመን ላ ዘንበ ለህ»። ሐዲስ ሰብሳቢው ኢብኑ ማጃህ ከነቢዩ ባልደረባ ከዐብዱላህ ኢብኑ መስዑድ (ረ.ዐ) ይዘው በሱነናቸው አስፍረውታል። ዑለማዎች በሰነዱ (በዘጋቢዎቹ ሰንሰለት) ላይ ተነጋግረዋል፤ የኢብኑ መስዑድ ልጅ አቡ ዑበይዳ ከአባቱ በቀጥታ አልሰማም የሚሉ አሉ። ያም ሆኖ በሌሎች ዘገባዎች ስለሚደገፍ ሐሰን (ተቀባይነት ያለው) ነው ብለው የተቀበሉትም አሉ። ሐሳቡን ደግሞ ቁርኣን ራሱ ይናገረዋል።

እዚህ ላይ «ወንጀል» ሲባል ፖሊስ የሚከስበት ብቻ አይደለም። በእኛ ቤት ሐሜትም ወንጀል ነው፣ ሶላት ማሳለፍም ወንጀል ነው። የሐዲሱ «ታኢብ» የመጣበት «ታበ» ደግሞ በዐረብኛ ተመለሰ ማለት ነው። ተውበት የሚለው ቃል የመጣው ከዚሁ ነው፤ አማርኛችን ውስጥ ገብቶም «ቶበተ፣ ይቶብታል፣ ቶብቻለሁ» እየተባለ እንደ ራሳችን ግስ ይረባል። መመለስ መባሉ ደስ ይለኛል። እናት ማታ በሩን ገርበብ አድርጋ ስትጠብቅ የምትጠብቀው የሚመለስ ልጅ አላትና ነው።

የአባባሉ ክብደት ያለው ግን «እንደሌለበት» የምትለዋ ቃል ላይ ነው። «ይማራል» ብቻ ቢባል ኖሮ እንኳን በቂ ነበር። ሱቅ ዱቤ የወሰደ ሰው ዕዳው ሲሰረዝለት ስሙ ከነሰረዙ ደብተሩ ላይ ይቀራል፤ ባለሱቁም ገልጦ ባየው ቁጥር ያስታውሰዋል። ይሄ ሐዲስ የሚለው ግን ደብተሩ ላይ ጭራሽ ስሙ እንዳልነበረ ነው። ሱረቱል ፉርቃን (25፥70) እንዲያውም ከዚህ ያልፋል፦ የቶበተ፣ ያመነና መልካም የሠራ ሰው መጥፎ ሥራዎቹን አላህ በመልካም ይለውጥለታል ይላል። ይለውጥለታል! ይህችን አያ (የቁርኣን አንቀጽ) ሳነብ ሁሌም ተመልሼ ደግሜ አነባታለሁ።

«የእኔ ግን በዝቷል» የሚል ሰው ሐዲስ ሰብሳቢዎቹ ቡኻሪና ሙስሊም የዘገቡትን የዚያን ገዳይ ታሪክ ይስማ። ዘጠና ዘጠኝ ነፍስ ያጠፋ ሰው ነው። ተውበት ይኖረኝ ይሆን ብሎ አንድ መነኩሴ ጠየቀ። «የለህም» አለው። እሱንም ገደለውና መቶ ሞላ። ቀጥሎ አንድ ዐዋቂ ዘንድ ሄደ። ዐዋቂው «ባንተና በተውበት መካከል ማን ይገባል?» አለው፤ ሀገርህ የክፋት ሀገር ናት፣ ወደዚያኛው ሀገር ሂድ፣ አላህን የሚገዙ ሰዎች አሉና ከነሱ ጋር ሁን አለው። ሰውየው ጉዞ ጀመረ። መንገድ ላይ ሞት መጣበት። በአንድ ዘገባ እያጣጣረ እንኳን ደረቱን ወደ መልካሟ ሀገር ገፋ ይላል። የእዝነትና የቅጣት መላእክት ተከራከሩበት፣ መሬቱ ተለካ፣ ወደ መልካሟ ሀገር በአንድ ስንዝር ቀርቦ ተገኘ። የእዝነት መላእክት ወሰዱት። ያ ሰው ገና አንዲት ቀን እንኳን በመልካሟ ሀገር አልኖረባትም እኮ።

መቶበት ግን በአፍ ብቻ አይደለም። ወንጀሉን ማቆም፣ መጸጸት፣ ዳግም ላይመለሱበት መቁረጥ፤ እነዚህን ሁላችንም ከልጅነት ጀምሮ እንሰማቸዋለን። የሚከብደው አራተኛው ነው፣ የሰው ሐቅ። የሰው ገንዘብ ይዘህ ሌሊቱን ሙሉ «አስተግፊሩላህ» (አላህ ይማረኝ) ብትል ገንዘቡን አትመልስም ማለት አይደለም። ትመልሳለህ። ስሙን ያጠፋህበትን ሰው ስሙን ባጠፋህበት ቦታ በመልካም ታነሳዋለህ። የበደልከውን ሄደህ «አፉ በለኝ» ትላለህ። ይህች «አፉ በለኝ» ምላስ ላይ ስትከብድ! ሐጅ የሚሄድ ሰው ጎረቤቱን ቤት ለቤት እየዞረ «አፉ በሉኝ» ሲል አይታችሁ ከሆነ፣ አንዳንዱ በር ፊት ለማንኳኳት እንዴት እንደሚያመነታ ታውቃላችሁ።

አባባሉን ይዞ «ነገ እቶብታለሁ» የሚልም አለ። ነፍስ ጉሮሮ ላይ እስክትደርስ የባሪያው ተውበት ተቀባይነት አለው የሚል ሐዲስ እውነት አለ፣ ቲርሚዚ ዘግበውታል። ግን ነፍስህ ጉሮሮህ ላይ የምትደርሰው መቼ እንደሆነ ማን ነገረህ? ሙሳን ያሳደደው ፊርዐውንም (ፈርዖን) «አመንኩ» ብሏል፣ ባሕሩ እየዋጠው ሳለ። «አሁን?» ነው የተባለው (10፥91)።

እኔን ይበልጥ የሚያስፈራኝ ግን ተስፋ መቁረጥ ነው። «እኔ እንግዲህ ያለቀልኝ ነኝ» የሚል ሰው ለመመለስ አይሞክርም። ሱረቱ ዙመር (39፥53) የምትናገረው ለእንደዚህ ዓይነቱ ነው፦ በነፍሶቻችሁ ላይ ድንበር ያለፋችሁ ባሮቼ ሆይ፣ ከአላህ እዝነት ተስፋ አትቁረጡ። የነቢዩ ባልደረባ ኢብኑ ዐባስ እንዳሉት ይህች አያ የወረደችው ብዙ የገደሉና ብዙ ዝሙት የሠሩ ሰዎች መጥተው ጥሪህ መልካም ነው፣ ለሠራነው ማስተሰረያ እንዳለው ብትነግረን ብለው በጠየቁ ጊዜ ነው። አላህም ድንበር ያለፉትን «ባሮቼ» ብሎ ነው የጠራቸው።

ወደ መስጂዱ ልመለስ። እኚያ አባት አባባሉን የነገሩት ለቶበተው ሰውዬ አይደለም። ለሚያየው ልጅ ነው። ይህን ሳስብ ነው አባባሉ ሌላ ፊት እንዳለው የገባኝ። አላህ እንደሌለበት የቆጠረውን እኛ እንዳለበት እየቆጠርን ነው እኮ። በነቢዩ ዘመን ዐብዱላህ የሚባል፣ ነቢዩን የሚያስቃቸው አንድ ሰው ነበር፤ ይጠጣ ነበርና ተደጋግሞ ይቀጣ ነበር። አንድ ቀን ሲያመጡት አንዱ ሰው ረገመው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) «አትርገሙት፤ በአላህ ይሁንብኝ፣ አላህንና መልእክተኛውን እንደሚወድ ነው የማውቀው» አሉ። ይሄ ሰው ገና እየወደቀ እየተነሳ ያለ ሰው ነው። የተመለሰው እንዴት ይሆን?

ሶላቱ ሲያልቅ እኚያ አባት ቀስ ብለው ተነሱ፣ በሰው መሐል አልፈው ጫማ መደርደሪያው ጋ ሄዱና የሰውየውን እጅ በሁለት እጃቸው ያዙት። የካዕብ ኢብኑ ማሊክ ታሪክ ትዝ ያለኝ ያኔ ነው። ካዕብ በ9ኛው ዓመተ ሂጅራ ከተቡክ ዘመቻ ያለ ምክንያት የቀረ ሶሓባ (የነቢዩ ባልደረባ) ነው። አልዋሸም፣ ምክንያት የለኝም አለ። ከሁለት ጓደኞቹ ጋር 50 ሌሊት ማንም አያናግራቸውም ነበር። መስጂድ ገብቶ ነቢዩን ሰላም ይልና መልስ ሰጥተውኝ ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ ወይስ አልተንቀሳቀሰም እያለ ያያቸው ነበር። በ50ኛው ሌሊት ንጋት ቤቱ ጣሪያ ላይ ተቀምጦ ሳለ ከሰልዕ ተራራ ላይ «ካዕብ ሆይ፣ ተበሰር!» የሚል ድምፅ ሰማ። ተውበቱ ተቀባይነት አግኝቷል። ብስራቱን ላመጣለት ሰው የለበሰውን ሁለት ልብስ አውልቆ ሰጠው፣ ሌላ አልነበረውምና ለራሱ ተበድሮ ለብሶ ወደ መስጂድ ሮጠ። ነቢዩ በሰዎች ተከበው ተቀምጠዋል። ከሙሃጂሮቹ (ከመካ ከተሰደዱት) መሐል ጦልሃ ኢብኑ ዑበይዲላህ ተነስቶ እየሮጠ መጣና እጁን ጨብጦ እንኳን ደስ ያለህ አለው። ከእነሱ መሐል ሌላ የተነሳ አልነበረም። ካዕብ ይህን ታሪክ ሲተርክ አርጅቶ፣ ዓይኑም ጠፍቶ ነበር፤ ይህችን የጦልሃን ነገር ግን እንደማይረሳት ተናግሯል።