ተለዋዋጭ የሥራ ሰዓት በባሕር ዳር

ተለዋዋጭ የሥራ ሰዓት ማለት የሚሠራው ሰዓት ሳይቀነስ ሠራተኛው መግቢያና መውጫውን በመጠኑ ራሱ የሚመርጥበት አሠራር ነው። ሁሉም የሚገኝበት የጋራ ሰዓት አለ። ከዚያ ውጭ ማልዶ ገብቶ በጊዜ መውጣት፣ አርፍዶ ገብቶም ማምሸት ይቻላል። አሠራሩ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1967 ነው። ሙኒክ አጠገብ ኦቶብሩን የነበረው የቦልኮ የአውሮፕላን ኩባንያ፣ ክሪስቴል ካመረር የተባለች ጀርመናዊት ያቀረበችውን ሐሳብ ይዞ ጀመረው። ምክንያቱ ጠዋት ጠዋት በር ላይ የሚፈጠረው የመኪና ጭንቅንቅ ነበር። ባሕር ዳር ላይ ግን ከመኪናው ይልቅ ብስክሌቱና ባጃጁ ነው የሚበዛው።

መንግሥት መሥሪያ ቤት የተለመደው ሰዓት ከ2፡30 እስከ 6፡30፣ ከምሳ በኋላ ከ7፡30 እስከ 11፡30 ነው። ዓርብ የጠዋቱ ሥራ 5፡30 ላይ ያበቃል። ይህ ለጁምዓ ሶላት ተብሎ ነው ይባላል። ሲደመር በሳምንት 39 ሰዓት ይመጣል። ድሮ መግባት መውጣቱ በፊርማ ነበር፣ አሁን በየቦታው የጣት አሻራ ገብቷል። ስሙን የማልጠራው አንድ መሥሪያ ቤት ስሠራ፣ 2፡28 ላይ ማሽኑ ፊት ተሰልፈን አሻራ ከሰጠን በኋላ ግማሾቻችን ተመልሰን ፉል ቤት እንገባ ነበር። ልጅ ትምህርት ቤት አድርሳ 2፡40 የምትደርስ ባልደረባችን ግን ደመወዟ ይቆረጥ ነበር። እስከ 12 ሰዓት ብታመሽም ማሽኑ አይቆጥርላትም።

ከተማዋ በሰዓት መኖርን የተማረችው ከጨርቃ ጨርቁ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። (የፋብሪካ ልጅ ስለሆንኩ አድልቼ ሊሆን ይችላል።) የባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ከጣሊያን በተገኘ የጦር ካሳ በ1953 ዓ.ም. ተቋቋመ። የጢስ ዓባይ የኃይል ማመንጫ በ1956 ሥራ ሲጀምር መብራቱ ደረሰለት። ማሽን ስለማይተኛ ሥራው በ3 ፈረቃ፣ እያንዳንዱ 8 ሰዓት ሆነ። ፈረቃ ሲለወጥ መንገዱ በብስክሌት ይሞላል። እናቴ ሌሊት የገባች ዕለት እኛ ቁርስ የምንበላው በሹክሹክታ ነበር፣ እሷ ገና መተኛቷ ነውና። ፈረቃው ጥብቅ ነው ቢባልም ሴቶቹ መላ ነበራቸው። «ነገ የሚካኤል ማኅበሬ ነው፣ ሌሊቴን ያዢልኝ። ሐሙስ እከፍልሻለሁ» ትላለች አንዷ። ፎርማኑ ከተስማማ አለቀ። ለቅሶም፣ ክርስትናም፣ የታመመ ልጅም እንዲህ ነበር የሚታለፈው። በየትኛውም ደንብ ላይ ተለዋዋጭ ሰዓት ተብሎ አልተጻፈም። እኔ ግን ያው ነው እላለሁ።

ዩኒቨርሲቲው በ1992 ዓ.ም. ከፖሊቴክኒክና ከፔዳጎጂ ውሕደት የተወለደ ነው። መምህራኑ የሚገቡት በክፍለ ጊዜያቸው ነው።

በሕጉ በኩል የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ብዙ ሰው ከሚያስበው በላይ ቀዳዳ አለው። መደበኛው ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 አይበልጥም። ነገር ግን የሥራው ባሕርይ ካስገደደ የአንዱን ቀን ሰዓት አሳጥሮ ልዩነቱን ለሌሎቹ ቀናት ማከፋፈል ይቻላል። በአንድ ቀን የሚጨመረው ግን ከ2 ሰዓት መብለጥ የለበትም። አንቀጽ 64 ደግሞ ሰዓቱ ከሳምንት በረዘመ ጊዜ በአማካይ እንዲሰላ ይፈቅዳል። ቤቱ ሆኖ ለሚሠራ ሠራተኛም ራሱን የቻለ ውል አለ። ትርፍ ሰዓት ቀን ከሆነ አንድ ተኩል እጥፍ፣ ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 ከሆነ 1.75 እጥፍ ይከፈላል። አዋጁ የመንግሥት ሠራተኛን አይመለከትም። ለዚያ የተለየ ሕግ አለ።

ከቤት መሥራት የሚለው ወሬ የገነነው በኮሮና ጊዜ ነው። ከመጋቢት 16 ቀን 2012 ጀምሮ አስፈላጊ ከሆኑት በቀር የፌዴራል ሠራተኞች ቤታቸው እንዲሠሩ ተባለ። መጋቢት 22 ደግሞ ባሕር ዳር ራሷ ከእንጅባራ፣ ከአዲስ ቅዳምና ከቲሊሊ ጋር ለ14 ቀን ተዘጋች። «ከቤት ሥራ» የተባለው ለብዙው ሰው ስልክ ይዞ መጠበቅ ነበር። ኮሮናው ካለፈ በኋላ ደግሞ፣ ነሐሴ 2015፣ በክልሉ ግጭት ምክንያት የሰዓት እላፊ ታወጀ፣ የሞባይል ዳታም ለወራት ጠፋ።

ጣና ላይ ሰዓት የሚወስነው ነፋሱ ነው። ከሰዓት በኋላ ማዕበሉ ስለሚበረታ ወደ ዘጌ የሚሄድ ጀልባ በጠዋት ይነሳል። ከዘጌ እንጨት ጭነው በታንኳ የሚመጡትም ይህን ያውቁታል። ዓሣ አጥማጁ መረቡን አመሻሽ ላይ ይጥልና ሲነጋ ያወጣዋል። በሁዳዴ ገበያው ስለሚደራ ሥራው ይበዛል። ዓሣ የጾም ነው አይደለም የሚለው ክርክር ግን እስካሁን አላለቀም። ቀረሶውና አምባዛው ተሸጦ ሲያልቅ ቀኑ ገና ሦስት ሰዓት ከሆነም አጥማጁ ቤቱ ይገባል።