የሐበሻ ዶሮን በዘር ስለማራባትና ለትርኢት ስለማዘጋጀት፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በዳንግላ፣ በቡሬ ወይም በደብረ ማርቆስ ገበያ ዶሮ የሚገዛ ሰው አስቀድሞ ቀለሙን ያያል፤ ቀጥሎ ደረቱን ዳብሶ ሥጋውን ይገምታል፤ ከዚያ በኋላ በዋጋ ይከራከራል። ዶሮን ለበዓል ሳይሆን ለዘሩ ብሎ መርጦ የሚያራባ ሰው ግን እንግዳ ነገር የያዘ ይመስላል። እኔም በግቢዬ የሐበሻ ዶሮን በዘር እየለየሁ ማራባት ከጀመርሁ ወዲህ ከጎረቤትም ከነጋዴም ደጋግሜ የምሰማቸው አባባሎች አሉ። አንዳንዶቹ ጉዳት የላቸውም፤ ሌሎቹ ግን ዘር ያጠፋሉ።

«የሐበሻ ዶሮ ሁሉ አንድ ነው፤ ዘር የሚባል የለውም።» ይህን የሚሉ ሰዎች ራሳቸው ገበያ ሲደርሱ በላባው ቀለም ገብስማ፣ ዛግርማ፣ ወሰራ፣ አንገቱ ላባ የሌለውን ደግሞ መላጣ እያሉ ይለያሉ፤ ኩክኔውንም (በራሱ ላይ ያለውን ቀይ ሥጋ) ነጠላና ድርብ ብለው ይመርጣሉ። ተመራማሪዎችም የሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያን ዶሮዎች ሲያጠኑ ከጎጃም ምድር የቲሊሊን፣ የደብረ ኤልያስን፣ የጓንጓንና የሜጫን ዶሮዎች ለየብቻ መዝግበዋል። ይሁን እንጂ ቀለም ብቻውን ዘር እንዳልሆነ መታወቅ አለበት፤ አንዲት እናት በአንድ እቅፍ አራት ዓይነት ቀለም ያላቸው ጫጩቶች ልትፈለፍል ትችላለች። ዘር የሚባለው ወላጆች በትውልዶች መካከል ራሳቸውን የሚመስሉ ልጆች ሲወልዱ ነው፤ ይህም የሚገኘው አራቢው የሚፈልገውን መልክ ወስኖ፣ ጽፎ፣ ለዓመታት ሳያወላውል ሲመርጥ ነው።

እዚህ ላይ ኩክኔው ጥሩ አስተማሪ ነው። ድርብ ኩክኔ በነጠላው ላይ የበላይነት ያለው ባሕርይ በመሆኑ፣ ሁለት ድርብ ወላጆች ነጠላ ኩክኔ ያለው ጫጩት ሊወልዱ ይችላሉ፤ ሁለት ነጠላዎች ግን ድርብ አይወልዱም። ስለዚህ ከድርብ ወላጆች ነጠላ ጫጩት ሲወጣ ብዙዎች እንደሚጠረጥሩት የጎረቤት አውራ ገብቶ ላይሆን ይችላል፤ ሁለቱም ወላጆች የነጠላውን ባሕርይ ደብቀው ይዘውት ነበር ማለት ነው።

«መላጣ ዶሮ በሽተኛ ነው፤ ላባው የረገፈው በቅማል ነው።» የመላጣ አንገት በዘር የሚተላለፍ ባሕርይ እንጂ ሕመም አይደለም። ባሕርዩን ከአንድ ወላጅ ብቻ የወረሰ ዶሮ አንገቱ ሥር እንደ ክራባት ያለች የላባ ጉንጉን ይኖረዋል፤ ከሁለቱም የወረሰው ግን አንገቱ ከሞላ ጎደል ባዶ ነው። ገላውንም የሚሸፍነው ላባ ከሌላው ዶሮ ያነሰ ስለሆነ ሙቀትን በቀላሉ ያስወጣል፤ በቆላማው የጎጃም ክፍል ይህ ትልቅ ጥቅም ነው። ገበያ ላይ በመልኩ ምክንያት በርካሽ መሸጡ ያሳዝነኛል፤ በርካሽ የተሸጠ ዶሮ ቶሎ ይታረዳል፣ ዘሩም አብሮ ያልቃል።

«ዘር ማሻሻል ማለት የፈረንጅ አውራ ማምጣት ነው።» ለብዙ ዓመታት የተሠራበት መንገድ ይህ በመሆኑ ሰው ቢያምነው አይፈረድበትም። የመጀመሪያው ትውልድ ክልስ ብዙ እንቁላል ይጥላል፤ ነገር ግን ክልሶቹ እርስ በርስ ሲዳቀሉ ልጆቻቸው በመልክም በምርትም የተበታተኑ ይሆናሉ፤ የመታቀፍ ጠባይም ይዳከማል። መብራትና መፈልፈያ ማሽን በሌለበት ቤት እናቲቱ ካልታቀፈች ጫጩት ከየት ይመጣል? በአሜሪካ ነባር የቤት እንስሳት ዝርያዎች እንዳይጠፉ የሚሠራው የላይቭስቶክ ኮንሰርቫንሲ ማኅበር «ነባር ዝርያ» ብሎ ለመጥራት ከሚጠይቃቸው ነገሮች መካከል በተፈጥሮ መዳቀል፣ ቀስ ብሎ ማደግ (ለገበያ የሚደርሰው ከ16 ሳምንት ባላነሰ ጊዜ ነው) እና ለሴቷ ከ5 እስከ 7 ዓመት የሚዘልቅ የምርት ዘመን ይገኙበታል። የእኛ ገበሬ «ቀርፋፋ» እያለ ከሚወቅሰው ባሕርይ አንዱ እዚያ መመዘኛ ነው።

«አውራውን ከቀየርሁ ከነገ ጀምሮ እንቁላሉ የአዲሱ ነው።» አይደለም። የአውራው ዘር በሴቷ አካል ውስጥ ሁለት ሳምንትና ከዚያም በላይ ሊቆይ ስለሚችል፣ አውራ የቀየረ አራቢ ለዘር የሚሆነውን እንቁላል ከመሰብሰቡ በፊት ሦስት ሳምንት መጠበቅ ይኖርበታል። እኔ በመጀመሪያው ዓመት ይህን ባለማወቄ የአንድ ሙሉ እቅፍ ጫጩቶች አባት ማን እንደሆነ ሳላውቅ ቀርቻለሁ። አሁን በእያንዳንዷ ቄብ እግር ላይ ባለ ቀለም ክር አስሬ፣ አውራው የገባበትን ቀን በደብተር እጽፋለሁ።

«ሹል እንቁላል ወንድ፣ ክብ እንቁላል ሴት ይወጣዋል።» የእንቁላሉን ቅርጽ የሚሰጠው የእናቲቱ የእንቁላል ማለፊያ ነው፤ አንዲት ዶሮ ዘወትር ተመሳሳይ ቅርጽ ያለው እንቁላል ትጥላለች፣ ጫጩቶቿ ግን ወንድም ሴትም ናቸው። እናቲቱ በታቀፈች በሰባተኛው ቀን ማታ እንቁላሉን በባትሪ ፊት አድርገው ቢያዩት እንደ ሸረሪት እግር የተዘረጉ ቀያይ የደም ሥሮች ይታያሉ፤ ከዚህ የሚታወቀው እንቁላሉ ዘር መያዙ ብቻ ነው።

«የዶሮ ትርኢት ማለት አውራ ማዋጋት ነው፤ ካልሆነም ትልቁ ያሸንፋል።» በእንግሊዝ አገር አውራ ዶሮ ማዋጋት እ.ኤ.አ. በ1835 በሕግ ከተከለከለ በኋላ ነው ትርኢቱ የተስፋፋው፤ በአሜሪካ በቦስተን ከተማ ታዋቂው ትርኢት በ1849 ተደርጎ፣ የዝርያ መለኪያ መጽሐፍ ደግሞ በ1874 ታትሟል። ዳኛው ዶሮውን በእጁ ይዞ ኩክኔውን፣ ዓይኑን፣ የክንፉን ላባ፣ እግሩንና ክብደቱን ከተጻፈው መለኪያ ጋር ያስተያያል፤ ከመለኪያው በላይ መክበድም እንደ መቅለል ሁሉ ጉድለት ነው። ሰው ሲነካው የሚራገጥ ዶሮ አቋሙን ማሳየት ስለማይችል፣ ከጫጩትነቱ ጀምሮ በእጅ ማላመድ ያስፈልጋል።

«የሐበሻ ዶሮ በሽታ አይዘውም።» ከሁሉም የከፋው ይህ ነው። ፈንግል የሚባለው ተላላፊ የዶሮ በሽታ ሲገባ አረንጓዴ ተቅማጥ፣ የአንገት መጠማዘዝና የትንፋሽ ማጠር ታይተው ግቢው በቀናት ውስጥ ባዶ ይቀራል፤ ሦስት ዓመት የተመረጠ ዘር በአንድ ሳምንት ሊጠፋ ይችላል። መድኃኒት የለውም፤ ክትባት ግን አለው፣ በዓይን ጠብታ ወይም በመጠጥ ውኃ ይሰጣል። ከገበያ ወይም ከትርኢት የመጣ ዶሮ፣ የራስ ቢሆንም እንኳ፣ ከሌሎቹ ተለይቶ፣ በተለየ መጠጫ፣ ሦስት ሳምንት ይቆይ፤ የሚመግበው ሰውም መጀመሪያ ጤነኞቹን፣ በመጨረሻ እሱን ይመግብ።