ግሬናዳ ላይ ጋለሪ መክፈት፦ የሚወራውና እውነታው

ሥዕል የሚወድ ሰው አንዳንዴ እንዲህ ያልማል፦ ሁሉን ነገር ትቼ፣ ካሪቢያን ውስጥ አንዲት ትንሽ ደሴት ላይ ጋለሪ ከፍቼ ብኖርስ? ሕልሙ አይከፋም። ግን ስለዚህ ሥራ የሚወሩት ነገሮች አብዛኞቹ ልክ አይደሉም። ግሬናዳን ይዘን እንያቸው። ሰው የሚኖርባቸው ሦስት ደሴቶች አሏት፤ ዋናዋ ግሬናዳ፣ ካሪያኩ እና ፔቲት ማርቲኒክ። ሁሉም ተደምረው 344 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ናቸው። አዲስ አበባ ትሰፋለች። (ዓመቶቹንና ወሮቹን የምጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

«የደሴት ሥዕል ማለት ዘንባባና ባሕር ዳርቻ ነው»

ከሁሉም በላይ የሚያናድደኝ ይሄ ነው። ዘንባባና የምሽት ፀሐይ ብቻ የሚሰቅል ጋለሪ የቆመባትን ደሴት ገና አላያትም።

ካሪያኩን ውሰዱ። ስፋቷ 34 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ሠዓሊው ካኑት ካሊስት በ1914 የተወለዱት እዚህ ነው፤ በ2005 አረፉ። ቫዮሊንም ይጫወቱ ነበር። የሣሉት ሠርግ፣ አዲስ ጀልባ ወደ ባሕር ሲገባ፣ ከወገቧ በታች ዓሣ የሆነች ሴት ነው። ይህችን ሴት በልጅነታቸው በዓይናቸው እንዳዩዋት ይናገሩ ነበር። የከበሮ ጭፈራውንም ሥለዋል። በዚህ ጭፈራ የካሪያኩ ሰዎች ከአፍሪካ በባርነት የተጋዙ አባቶቻቸውን በየነገዳቸው ስም ያነሳሉ። ካሊስት ሥዕላቸው ላይ ርዕሱን በእጃቸው ይጽፉ ነበር። ቃሉን የሚጽፉት ጆሯቸው እንደ ሰማው እንጂ መዝገበ ቃላት እንደሚለው አይደለም።

ሌላም አለ። በካሪያኩ ካርኒቫል ወንዶች ጭምብል አጥልቀው፣ ደማቅ ልብስ ለብሰው፣ ከሼክስፒር ተውኔት ከ«ጁሊየስ ቄሳር» በቃላቸው ያነበንባሉ። የተሳሳተ ሰው በጅራፍ ይመታል። ግሬናዳ በ2022 የቬኒስ ቢየናሌ (ጣሊያን ውስጥ አገሮች ሥራቸውን የሚያሳዩበት ትልቅ የሥነ ጥበብ ዐውደ ርእይ) ላይ ይዛ የቀረበችው ይህንኑ ባህል ነበር። እዚያ ለመጀመሪያ ጊዜ የራሷን የማሳያ ቦታ ያገኘችው በ2015 ነው። ይህን ያህል ትንሽ አገር ከዓለም ትልልቆቹ ጎን ስትቆም ደስ ይላል።

ጎረቤቷን ሴንት ሉሲያንም እዩ። የአገሩን ባንዲራ የነደፈው ደንስታን ሴንት ኦመር በ1973 ሮዞ ሸለቆ ውስጥ ባለች ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ማርያምን፣ ዮሴፍንና ሕፃኑን ጥቁር አድርጎ ሣላቸው። ዘንባባ ብቻ ፈልጎ የመጣ ሰው ይህን ሁሉ ሳያይ ይመለሳል።

«ቱሪስት እስካለ ገበያ አለ»

ቱሪስት ዓመቱን ሙሉ የለም። ሰው የሚበዛው ከታኅሣሥ አጋማሽ እስከ ሚያዝያ ነው። ከዚያ በኋላ ሳምንት ሙሉ በሩን ማንም ላያንኳኳ ይችላል። በትልልቅ መርከብ የሚመጣው ሰው ደግሞ ዋና ከተማዋ ሴንት ጆርጅስ ላይ ወርዶ የሚቆየው ጥቂት ሰዓት ነው። በዚያ ሰዓት ውስጥ ትልቅ ሸራ የሚገዛ ብርቅ ነው። ሻንጣ ውስጥ የሚገባ ትንሽ ሥዕል፣ ኅትመት፣ ፖስትካርድ ይወስዳል።

ጋለሪውን የሚያቆሙት ሌሎች ናቸው፦ ሆቴሎች፣ መሥሪያ ቤቶች፣ እዚያው ቤት የሠሩ ሰዎች። ከለንደን፣ ከብሩክሊን፣ ከቶሮንቶ ለካርኒቫል የሚመለሱ ግሬናዳውያንም አሉ። እኛም ውጭ አገር የቆየ ዘመድ ሲመጣ ምን ይዞ እንደሚመለስ እናውቃለን። ቤቱን የሚያስታውሰውን ነገር ነው።

«ጋለሪው ግማሹን ይወስዳል፤ ሠዓሊውን ይበዘብዛል»

ከሽያጩ ከ40 እስከ 50 በመቶ መውሰድ በዓለም የተለመደ ነው። ደሴት ላይ ግን ገንዘቡ የት እንደሚሄድ አስቡ። ሸራው፣ መስታወቱ፣ የፍሬሙ እንጨት፣ ሚስማሩ ሳይቀር በመርከብ ነው የሚመጣው። ጉምሩክ አለ። መብራቱ በአብዛኛው ከውጭ በሚገባ ናፍጣ የሚመነጭ ስለሆነ ውድ ነው።

በደል የሚፈጠረው ሌላ ቦታ ነው። ውል ሳይጻፍ ሥዕል ሲረከቡ፣ የተሸጠበትን ዋጋ ሲደብቁ፣ ክፍያውን ሲያዘገዩ። ሁሉም ሰው በሚተዋወቅበት ደሴት ላይ ስም አንዴ ከጠፋ ጠፋ ነው።

«ፀሐይና ንጹሕ አየር ለሥዕል ይስማማዋል»

ለሠዓሊው ይስማማው ይሆናል፤ ለሥዕሉ አይደለም። ብርቱ ፀሐይ የውሃ ቀለምን ያደበዝዛል። የባሕር ጨው ሚስማሩን ያዝገዋል፣ እርጥበት ወረቀት ላይ ሻጋታ ያወጣል። ምስጥ ፍሬሙን ከውስጥ ይበላዋል፣ ከላይ ሲያዩት ደህና ይመስላል። ለዚህ ሥዕሉን ከግድግዳው ትንሽ ማራቅ፣ የማይዝግ ብረት መጠቀም፣ መስኮት ፊት ለፊት አለመስቀል ያስፈልጋል።

«ግሬናዳ የአውሎ ነፋስ መንገድ ላይ አይደለችም፤ ቢመጣም ኢንሹራንስ አለ»

ይህን ብዙ ሰው ያምን ነበር። ምክንያትም ነበረው። በ1955 ጃኔት የተባለው አውሎ ነፋስ ከመታት በኋላ ወደ ግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል ተርፋ ነበር። በመስከረም 2004 ኢቫን መጣ። ከአሥር ቤት ዘጠኙ ያህል ተጎዳ። ዓመት ሳይሞላ ኤሚሊ ደገመች። ከዚያ ጁላይ 1 ቀን 2024 ቤሪል በሰዓት 240 ኪሎ ሜትር በሚጠጋ ንፋስ ካሪያኩ ላይ አረፈ። ጣሪያው ሳይነካ የቀረ ቤት ጥቂት ነው።

ኢንሹራንስ ገንዘብ ይከፍል ይሆናል። ያረፈ ሠዓሊን ሥዕል ግን መልሶ አያመጣም። ስለዚህ ሥራው ሰማዩ ገና ጥርት ብሎ ሳለ ይጀምራል። ወቅቱ ከሰኔ እስከ ኅዳር ነው። በአክሪሊክ (በውሃ በሚቀጥን፣ ቶሎ በሚደርቅ ቀለም) የተሣለ ሸራ ከእንጨቱ ተፈትቶ፣ ቀለሙ ወደ ውጭ ሆኖ በሰፊ ቱቦ ላይ ይጠቀለላል። ወረቀት ላይ የተሠራው ውሃ በማያስገባ ሣጥን ታሽጎ ከመሬት ከፍ ይላል። እያንዳንዱ ሥዕል ከፊትም ከጀርባም ፎቶ ይነሳል፤ ቅጂው ከደሴቲቱ ውጭ ይቀመጣል። መዝገቡ ላይ የሠዓሊው ስም፣ መጠኑ፣ ዓመቱ ይሰፍራል። የካኑት ካሊስት ሥራ ከሆነ ደግሞ ርዕሱ ሳይታረም፣ እሳቸው በጻፉበት ፊደል ይገለበጣል።