ታርማክ ላይ የሚበቅል ሳረንስት፦ ማስወገጃውና መከላከያው

እንግሊዝ አገር ብርዱ አለፍ ሲል፣ መጋቢት ገደማ፣ ከቤት ፊት ለፊት ያለውን ታርማክ (አስፋልት) የተነጠፈ የመኪና መግቢያ ልብ ብላችሁ እዩት። ጎማ የሚሄድባቸው ሁለት መስመሮች ጥቁር ናቸው። መሀሉና ዳር ዳሩ ግን አረንጓዴ ነው። አጥር ሥር ያለው ደግሞ ወፍሮ ስጋጃ መስሏል። ሲረግጡት እንደ ሰፍነግ ውሃ ይተፋል።

ይህ ተክል በመማሪያ መጽሐፍ አማርኛ ሳረንስት ይባላል። እዚህ የሚኖረው አበሻ ግን እንደ አገሬው «ሞስ» ይለዋል። ባለቤቶች በየዓመቱ ይፍቁታል፣ ያጥቡታል፣ መድኃኒት ይረጩበታል። በዓመቱ ተመልሶ ይመጣል። የሚመለሰው ክፉ ስለሆነ አይደለም። ሰው ተክሉን ያነሳል እንጂ ያበቀለውን ውሃ አያነሳም።

ሥር የሌለው ተክል

ሳረንስት እውነተኛ ሥር የለውም። ከታቹ ፀጉር የመሰሉ ቀጫጭን ክሮች አሉት፤ የእነሱ ዋና ሥራ ተክሉን ካረፈበት ነገር ጋር ማጣበቅ ነው። ውሃውንና ምግቡን የሚወስደው በአብዛኛው በቅጠሉ ነው፤ ከዝናብ፣ ከጤዛ፣ ከአቧራ። ስለዚህ አፈር አይጠይቅም። ድንጋይ፣ ጣሪያ፣ የግንብ ራስ፣ አስፋልት ሁሉ ይበቃዋል። አበባና ፍሬም የለውም። ስፖር በሚባል፣ እንደ ዱቄት በነፋስ በሚበን ጥቃቅን ዘር መሰል ነገር ይራባል። የተቆረጠ ቁራጩም እርጥብ ቦታ ካገኘ ራሱን ችሎ ይበቅላል። ይቺን ነገር ያዟት፤ ስናጥብ ታስፈልገናለች።

ሌላው ችሎታው መጠበቅ ነው። በጋ ላይ ደርቆ ቡናማ ይሆንና የሞተ ይመስላል። አንድ ዝናብ ሲያገኝ ግን በደቂቃዎች ውስጥ ነፍስ ይዘራል።

የከተማ አስፋልት ላይ ከሚታወቁት አንዱ በሳይንስ ስሙ ብራዩም አርጀንቴዩም የሚባለው ብርማ ሳረንስት ነው። የቅጠሎቹ ጫፍ አረንጓዴው ቀለም ስለሌለው ከሩቅ ግራጫ ይመስላል። ሳንቲም በምታክል ቁራጭ ላይ አጎንብሶ ያየ ሰው እጅብ ብለው የቆሙ ጥቃቅን ዘንጎች ያገኛል። መረገጥ አይገድለውም። ከአንታርክቲካ ጀምሮ በሁሉም አህጉር ይገኛል። እንዲህ ያለውን ፍጡር በአንድ ቅዳሜ አጠፋለሁ ማለት ትንሽ ድፍረት ነው።

አሁን አንድ ግራ የሚያጋባ ቁጥር ልንገራችሁ። አዲስ አበባ በዓመት ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ታገኛለች። ለንደን የምታገኘው 600 ገደማ ነው። ታዲያ ለምንድነው አረንጓዴው ከዚያ ይልቅ እዚህ የሚቸግረው? የአዲስ አበባው ዝናብ አብዛኛው በክረምት ወራት ይወርድና ያበቃል። የግቢው ሲሚንቶና ኮብልስቶኑ በነሐሴ ቢያረነጉድም የመስከረም ፀሐይ ያደርቀዋል። የለንደኑ ግን ካፊያ ነው። ዓመቱን ሙሉ ተበትኖ ይወርዳል። ከጥቅምት እስከ የካቲት ያለው ፀሐይ ደግሞ ዝቅ ብሎ ስለሚሄድ መሬቱን አያሞቀውም። ለሳረንስት ዋናው የዝናቡ መጠን ሳይሆን መሬቱ ሳይደርቅ የሚቆይበት ጊዜ ነው።

የሰሜን አቅጣጫም አለ። እንግሊዝ ውስጥ ከቤቱ በስተ ሰሜን ያለው ቦታ በብርዱ ወራት ፀሐይ ጨርሶ ላያይ ይችላል። እኛ ለዚህ እንግዳ ነን። አዲስ አበባ ላይ በሰኔ እኩለ ቀን ፀሐይዋ ከአናት አልፋ ወደ ሰሜን ታዘነብላለች፤ ጥላ ቦታውን ይቀያይራል። እዚህ ጥላው አይነቃነቅም። መግቢያቸው በሰሜን በኩል የሆነ ሰዎች ከጎረቤታቸው ሁለት እጥፍ ቢለፉ አይገርምም።

ታርማክ ምንድነው?

ስሙ የሰው ስም ቁራጭ አለበት። ጆን ላውደን ማካዳም (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1756 እስከ 1836፤ ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም እንዲሁ) የተባለ ስኮትላንዳዊ፣ የተፈጨ ድንጋይ በልክ በልኩ ደራርቦ መንገድ የሚሠራበትን ዘዴ አስፋፋ። አውቶሞቢል ሲመጣ ግን ያ መንገድ አቧራ በአቧራ ሆነ። እንደሚነገረው በ1901 የኖቲንግሃምሻየር የመንገድ ኃላፊ የነበረው ኤድጋር ፐርኔል ሁሊ በአንድ የብረት ማቅለጫ አጠገብ ሲያልፍ፣ ፈሶ የነበረ ሬንጅ ላይ የማቅለጫ ጥቀርሻ ተደፍቶበት ያያል። ቦታው አቧራ የለውም፤ ጠንክሯል። በ1902 የፈጠራ መብት አወጣበት። የመጀመሪያው ሬንጅ ከድንጋይ ከሰል የሚገኝ ነበር። ዛሬ ሰዉ ታርማክ የሚለው ከነዳጅ ዘይት የሚገኘውን ቢቱሜን ከጠጠር ጋር የቀላቀለውን ነው። እኛ በአጭሩ አስፋልት የምንለው ማለት ነው።

አዲስ ታርማክ ጥቁርና ጥቅጥቅ ያለ ነው። ዓመታት ሲያልፉ ፀሐይና አየር ቢቱሜኑን ያደርቁታል። ቀለሙ ግራጫ ይሆናል፤ ጠጠሩን የያዘው ሙጫ ይሳሳል፤ በጠጠሮቹ መካከል ያለው ክፍተት ይሰፋል። እዚያ ክፍተት ውስጥ አቧራና የበሰበሰ ቅጠል ይገባል። ውሃ ይይዛል። ሳረንስቱም ቤቱን አገኘ።

ሳረንስት ደህናውን አስፋልት አይበላም። ይህን መሳሳት የለብንም። ጉዳቱ በሌላ መንገድ ነው የሚመጣው። መሬቱን እርጥብ አድርጎ ያቆየዋል፤ ስንጥቅ ውስጥ የገባ ውሃ በውርጭ ሲቀዘቅዝ መጠኑ 9 በመቶ ገደማ ይጨምራል፤ ስንጥቁን ይገፋዋል። የያዘው አፈር ላይ ደግሞ ሥር ያለው አረም ይበቅላል። ከሁሉ በፊት ግን ያዳልጣል። ፖስተኛ፣ እንግዳ፣ አሮጊት እናት ሊወድቁበት ይችላሉ። በእንግሊዝ ከ1957 ጀምሮ ባለው ሕግ ቤቱን የያዘ ሰው ወደ ግቢው ለሚመጣ እንግዳ ደኅንነት ተገቢውን ጥንቃቄ የማድረግ ግዴታ አለበት።

ማንሳት

መጀመሪያ መፋቅ። ብዙ ሰው ይህን ዘልሎ ኬሚካል ይገዛል፤ ወፍራም ሳረንስት ላይ የተረጨ መድኃኒት ግን ላይ ላዩን ነው የሚገድለው። ሁለት ሦስት ቀን ዝናብ ያልዘነበበት ጊዜ ይመረጣል። ሲደርቅ ከመሬቱ በቀላሉ ይላቀቃል። ጠፍጣፋ አካፋ ወይም የቀለም ቀቢ ስፓቱላ ይበቃል። አካፋውን አጋድሞ ነው እንጂ አቁሞ አይደለም፤ አለበለዚያ ጠጠሩን ይነቅለዋል። ቀጥሎ ጠንካራ ፀጉር ባለው መጥረጊያ መጥረግ። የብረት ብሩሽ ለታርማክ ይከብደዋል። የተጠረገውን ሰብስቦ ማውጣት ግድ ነው። ዳር ላይ የተተወ ቁራጭ ነገ ዘር ነው።

አሁን ወደ ማሽኑ። ላቫጆ ቤት መኪና የሚታጠብበትን፣ ውሃ በኃይል የሚተፋውን ማለቴ ነው። እንግሊዝ አገር በየጎረቤቱ አንድ አለ። እኔም የመጀመሪያው ዓመት ላይ ተውሼ ነበር። አፍንጫውን አስጠግቼ ለቀቅሁት። አረንጓዴው በአንድ ጊዜ ሲገፈፍ ልብ ያረካል! ማታ ላይ ስጠርግ ግን አጥሩ ሥር ሁለት ባልዲ የሚሞላ ጥቁር ጠጠር ተከምሯል። የራሴን አስፋልት ነበር ለካ ሳጥብ የዋልኩት። በነጋታው ሳየው ደግሞ የታጠበው ቦታ ጎርበጥባጣ ሆኗል። ጎርበጥባጣ ማለት ለሚቀጥለው ሳረንስት የተደላደለ አልጋ ነው። በዚያ ላይ ማሽኑ ቁርጥራጩን ግድግዳና አጥር ላይ ይበትነዋል።

ማሽኑ ጨርሶ አይነካ ማለቴ አይደለም። ታርማኩ አዲስና ጥብቅ ከሆነ፣ ውሃው እንደ ማራገቢያ በሚዘረጋበት አፍ፣ ከመሬቱ ራቅ አድርጎ፣ በዝቅተኛ ኃይል መጠቀም ይቻላል። በጣት ሲነኩት ጠጠሩ የሚላቀቅ ያረጀ ታርማክ ላይ ግን አይሞከርም።

ከተፋቀ በኋላ የቀረችውን ስስ አረንጓዴ የሚገድል ፈሳሽ ይረጫል። በገበያው ላይ ከሚታወቁት አንዱ ቤንዛልኮኒየም ክሎራይድ ያለበት ነው። በውሃ በጥብጦ በአትክልት ማጠጫ ማርከፍከፍና መተው ነው። ሳረንስቱ ቡናማ ከዚያም ጥቁር ይሆናል። ጊዜ ይወስዳል፤ አንዳንዴ ሳምንታት። ዝናብ ሳያጥበው እንዲደርቅ ደረቅ ቀን ይፈልጋል፤ እንግሊዝ አገር ደግሞ ደረቅ ቀን መጠበቅ ራሱ ሥራ ነው። ፈሳሹ እስኪደርቅ ድመትና ውሻ እንዳያልፉበት፤ በተለይ ድመት መዳፏን ስትልስ ትጎዳለች።

በረኪናስ? ይገድላል፤ ፈጥኖም ያነጣል። ግን አጠገብ ያለውን ሣር ይዞ ይሄዳል፣ ልብስ ያበላሻል፣ ዘላቂነትም የለውም። አቼቶም አረንጓዴውን ያደርቀዋል፤ ወፍራሙን ግን አይነቅለውም። ሁለቱን መቀላቀል ፈጽሞ አይገባም። ክሎሪን ጋዝ ይወጣል፤ ሳንባ ያቃጥላል። ለሣር ሜዳ የሚሸጠው አይረን ሰልፌት ያለበት የሳረንስት ማጥፊያም እዚህ አይመከርም፤ ንጣፉ ላይ የዝገት ቀለም ይተዋል። ጨው የመኪናውን ብረትና የአትክልቱን ሥር ይጎዳል። የፈላ ውሃ ኮብልስቶን ላይ ደህና ነው፤ ቢቱሜን ግን ሙቀት ያለሰልሰዋል። ቤንዚን ወይም ናፍጣ ደግሞ ታርማኩን ራሱን ያሟሟዋል። ይህን የምለው ሲደረግ ስላየሁ ነው።

ሌላው የሚረሳው የውሃ መውረጃው ነው። በብሪታንያ ብዙ ቦታ የዝናብ ውሃ የሚገባበት ጉድጓድ የሚያመራው ወደ ማጣሪያ ሳይሆን በቀጥታ ወደ ወንዝ ነው። እነዚህ ኬሚካሎች ዓሣና የውሃ ነፍሳት ይገድላሉ። መውረጃው አጠገብ አለመርጨት ነው።

መከላከል

ገንዘብ ማውጣት ካለ እዚህ ላይ ነው። መጀመሪያ ግን ማየት፣ እሱም በነጻ ነው። ዝናብ ካባራ ከአንድ ሰዓት በኋላ ጠመኔ ይዞ መውጣት። ውሃ ያቆረባቸውን ቦታዎች ማክበብ። በማግስቱ ሳረንስቱ ካለበት ጋር ቢያስተያዩት አብዛኛው ይገጥማል። ውሃ ልክ ያለው ሰው ዘቅዘቅታውንም ይለካዋል፤ በ60 ሴንቲ ሜትር 1 ሴንቲ ሜትር ያህል መውረድ አለበት ይባላል። የሰመጠ ቦታ ካለ በታርማክ መጠገኛ ይሞላል።

ቀጥሎ ቀና ብሎ አሸንዳውን ማየት። የእኔ ችግር ግማሹ እዚያ ነበር። የአሸንዳው መገጣጠሚያ ሾልኮ ጠብ ጠብ ይላል፤ ጠብታው የሚያርፍበት ቦታ ላይ ብቻ ሳህን የምታህል ለምለም አረንጓዴ ነበረች። ስንት ጊዜ ፍቄያታለሁ። ጎረቤቴ ሽማግሌው መጥተው በጣታቸው ወደ ላይ አሳዩኝ፤ ምንም አላሉም። መጋጠሚያው ላይ አዲስ ላስቲክ ገባና በዓመቱ ያ ቦታ ጥቁር ሆነ።

ከዚያ ጥላ። የተንጠለጠለ ቅርንጫፍ መቁረጥ፣ የቁጥቋጦ አጥሩን ዝቅ ማድረግ። ፀሐይ ቢጠፋ ነፋስ ያደርቃል። በጥቅምትና በኅዳር የረገፈ ቅጠል ሳይበሰብስ በየሳምንቱ መጥረግ ከየትኛውም መድኃኒት ይበልጣል። መኪናውንም ሁልጊዜ አንድ ቦታ አለማቆም ይረዳል፤ ጎማ ራሱ መጥረጊያ ነው።

ያረጀ ታርማክ ማሸጊያ ቅብ ሊቀባ ይችላል። ክፍተቱን ይደፍናል፣ ጥቁረቱን ይመልሳል። የሚቀባው ግን ሳረንስቱ ሞቶ፣ መሬቱ ታጥቦና ደርቆ ነው። ከነሕይወቱ የተቀባበት ቅቡን ይዞ ይላጣል። አዲስ ታርማክም ወራት ቆይቶ ካልጠነከረ አይቀባም።

ሁሉም አልሆነም፣ እንደገና ይነጠፍ ከተባለ ሁለት ነገር ማወቅ ያስፈልጋል። በእንግሊዝ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከጥቅምት 2008 ጀምሮ ከቤት ፊት ከ5 ካሬ ሜትር በላይ ውሃ በማያሳልፍ ነገር አንጥፎ ጎርፉን ወደ መንገድ መልቀቅ የፕላን ፈቃድ ይጠይቃል። ውሃ የሚያሳልፍ ንጣፍ ከሆነ ወይም ውሃው ወደ አትክልት ቦታ ከወረደ ፈቃድ አያስፈልግም። ሁለተኛው፣ በር አንኳኩቶ «እዚህ አጠገብ ሠርተን ታርማክ ተርፎናል፣ በርካሽ እናንጥፍልህ» የሚል ሰው ነው። አገሬው በደንብ የሚያውቀው ማጭበርበሪያ ነው። ስስ ሽፋን ደፍቶ ብሩን ይዞ ይጠፋል። አዲስ የመጣ ሰው ግን ይሸወዳል።

ጣሪያውም አለ። በመጋቢትና በሚያዝያ ጥቁር ወፎች ጣሪያና አሸንዳ ላይ ያለውን ሳረንስት በመንቆራቸው እየገለበጡ ትል ይፈልጋሉ። የማይፈልጉትን ወደ ታች ይጥሉታል። ባለፈው ሳምንት ጠርጌ፣ አጥቤ፣ ወገቤን ይዤ ቆሜ ሳለሁ አንድ ጉማጅ ጫማዬ አጠገብ ጠብ አለ። ቀና ስል ወፉ አሸንዳው ላይ ሆኖ ሁለተኛውን እየጎተተ ነው።