«የአጭር እንቅልፍ ጂን» ምንድን ነው? ማልዶ መነሳት አይደለም

ሰሞኑን ደግሞ በሬዲዮ ሰማሁት። «ስኬታማ ሰዎች በቀን ለ4 ሰዓት ብቻ ነው የሚተኙት፤ የአጭር እንቅልፍ ጂንን በልምምድ ማዳበር ይቻላል» ይላል ተናጋሪው። ጅማ የምሠራ የነርቭ ሐኪም ነኝ። ይህን የሰሙ ልጆች ዓይናቸው ቀልቶ እኔ ዘንድ ይመጣሉና ዝም ማለት አልቻልኩም።

ጂን በልምምድ አይገኝም። ከእናት ወይም ከአባት ይወረሳል፣ አለቀ።

ግራ መጋባቱ የመጣው ሁለት የተለያዩ ግኝቶች ስለተደባለቁ ይመስለኛል። ሉዊስ ፕታቼክ የተባለ አሜሪካዊ የነርቭ ሐኪም አለ። መጀመሪያ ያጠናው ጡንቻቸው ድንገት እየዛለ መንቀሳቀስ የሚያቅታቸውን ቤተሰቦች ነበር። በኋላ ከእንቅልፍ ሐኪሙ ክሪስቶፈር ጆንስ ጋር ሆኖ አሜሪካ ዩታ ግዛት ውስጥ ሌላ ዓይነት ቤተሰቦች አገኘ። ምሽት 1፡30 አካባቢ እንቅልፍ ይጥላቸዋል፣ ሌሊት 10፡30 ገደማ ይነቃሉ። ጥናቱ እ.ኤ.አ. በ1999 ወጣ። በ2001 ደግሞ ከቤተሰቦቹ በአንዱ ችግሩ ፐር2 በሚባል ጂን ላይ ያለ ለውጥ መሆኑ ታወቀ። ልብ በሉ፣ እነዚህ ሰዎች እንቅልፋቸውን ይጠግባሉ። የተለየው የሰውነታቸው ሰዓት ነው። የአንዷ ተለክቶ አንዱን ዙር ከ24 ሰዓት ባነሰ፣ በ23.3 ሰዓት ይጨርስ ነበር።

አጭር እንቅልፍ ሌላ ነገር ነው። የፕታቼክ የሥራ ባልደረባ ዪንግ-ሁዊ ፉና ቡድኗ በ2009 ዴክ2 በተባለው ጂን ላይ ለውጥ ያላቸውን እናትና ልጅ አገኙ። በአማካይ የሚተኙት 6 ሰዓት ከሩብ ገደማ ነው። 4 አይደለም! ደግሞም ይበቃቸዋል፤ ቀን አያንጎላጁም፣ በዕረፍት ቀንም አያካክሱም።

እስቲ ከጅማ አዲስ አበባ የሚሄድ አውቶቡስ አስቡ። ሌሊት 11 ሰዓት ከመናኸሪያ የወጣው ቀድሞ ይገባል፣ መንገዱ ግን ያው 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የዩታዎቹ ቤተሰቦች እንዲህ ናቸው። እናትና ልጇ ግን ሞተራቸው የተለየ ነው፤ ያንኑ መንገድ ባነሰ ሰዓት ይጨርሱታል። በማንቂያ ደወል፣ በቡናና በጫት የሚነሳውስ? እሱ ወልቂጤ ላይ ወርዶ «አዲስ አበባ ገባሁ» የሚል ተሳፋሪ ነው። ቀሪው መንገድ እንዳለ ነው፣ ነገም ወልቂጤ ላይ ከወረደ ዕዳው ይደራረባል።

ቡና የእንቅልፍን ፍላጎት አያጠፋም። አንጎል ውስጥ ድካምን የሚናገረውን አዴኖሲን የተባለ ኬሚካል መቀበያውን ይዘጋበታል እንጂ። ኬሚካሉ መጠራቀሙን አያቆምም። ሳልጠየቅ አንድ ነገር ልጨምር፦ የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው ከቤታችሁ ካለ እንቅልፍ ማጣት ሕመሙን ይቀሰቅስበታል። መድኃኒቱን ሳያቋርጥ እየወሰደ እንኳ ሊጥለው ይችላል። እንቅልፍ ሳይተኛ «አልደከመኝም» እያለ ንግግሩ የፈጠነ፣ ገንዘብ የሚበትን ሰው ካያችሁም በጂን አታሳብቡ፤ የአእምሮ ሐኪም ይየው።

ባለፈው አንድ ተማሪ ራስ ምታት ብሎ መጣ። ተራውን እየጠበቀ ጭንቅላቱን ግድግዳው ላይ አስደግፎ ስልኩ ከእጁ ሲወድቅ አልሰማም። ገብቶ ሲቀመጥ «ዶክተር፣ እንቅልፍ እንኳን ችግር የለብኝም፣ ጂኑ አለኝ» አለኝ። «ለእረፍት ቤተሰብ ጋ ስትሄድስ?» አልኩት። «አጋሮማ እስከ ረፋዱ 5 ሰዓት ለጥ ነው» አለ።

የጂን ምርመራ አላዘዝኩለትም። ጫቱንና የማታ ቡናውን ትቶ፣ የተኛበትንና የነቃበትን ሰዓት ለ2 ሳምንት ደብተር ላይ እየጻፈ እንዲመለስ ነገርኩት።