ገናው በአንድ ቀን፣ ድግሱ በሌላ ቀን፦ ስለ ሩሲያ ቤተሰብ በዓላት የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ገናንና ፋሲካን፣ አብዛኛውን ጊዜም ጥምቀትን፣ ከሩሲያውያን ጋር በአንድ ቀን እናከብራለን። ስለዚህ የእነሱ በዓል የኛው ይመስለናል። በሌላ በኩል በሶቪየት ዘመን እዚያ የተማሩ ብዙ ታላላቆቻችን አሉ። ከእነሱ የሰማነው ወሬ ደግሞ ሃይማኖት ጓዳ ገብቶ በነበረበት ጊዜ የታየ ነው። ሁለቱ ተደባልቀው ስለ ሩሲያ ቤተሰብ በዓላት ብዙ የተዛባ ነገር እናወራለን። እስኪ አንድ በአንድ እንያቸው። ወሩንና ዓመቱን የምጽፈው በአውሮፓውያኑ አቆጣጠር ነው።

“ትልቁ በዓላቸው ገና ነው”

ኦርቶዶክስ ናቸው ብለን እንዲህ ብናስብ አይፈረድብንም። ግን የሩሲያ ቤተሰብ ዓመቱን ሙሉ የሚጠብቀው የአዲስ ዓመትን ዋዜማ፣ የዲሴምበር 31ን ሌሊት ነው። ሩቅ ከተማ የሚኖር ልጅ ቤተሰቡ ጋ የሚመጣው ለዚህ ሌሊት ነው። ስጦታው የሚሰጠው፣ ዛፉ የሚያበራው፣ ዋናው ድግስ የሚደገሰው ያኔ ነው።

ይህ የሆነው በአጋጣሚ አይደለም። የሶቪየት መንግሥት በ1920ዎቹ መጨረሻ ገናን ከበዓላት ዝርዝር አወጣው። የጥድ ዛፍ ማስጌጥም የቄሶች ልማድ ነው ተብሎ ተወገዘ። በዲሴምበር 1935 ፓቬል ፖስቲሼቭ የተባለ ባለሥልጣን ዛፉ ለልጆች ይመለስላቸው ብሎ ፕራቭዳ ጋዜጣ ላይ ጻፈ። ዛፉ ተመለሰ፤ የተመለሰው ግን ለገና ሳይሆን ለአዲስ ዓመት ነበር። ጫፉ ላይ የነበረው የቤተልሔም ኮከብም በቀይ ኮከብ ተተካ። ከ1948 ጀምሮ ጃንዋሪ 1 ሥራ የሚዘጋበት ቀን ሆነ። ገና የሕዝብ በዓል ሆኖ የተመለሰው በ1991 ነው። እስከዚያ ድረስ አያትም እናትም ልጅም ያደጉት በአዲስ ዓመት ስለሆነ፣ ሕጉ ቢመለስም የቤቱ ልማድ አልተመለሰም።

ዛሬ ጃንዋሪ 7 ጸጥ ያለ ቀን ነው። ምእመናን ሌሊቱን ቤተ ክርስቲያን ያድራሉ። በዋዜማው ስንዴ በማርና በፖፒ ዘር አዘጋጅተው የመጀመሪያዋ ኮከብ ስትታይ ይቀምሳሉ። ሌላው ሰው ደግሞ ከጃንዋሪ 1 እስከ 8 በተዘጋው ሥራ እያረፈ፣ ዘመድ እየጠየቀ ይውላል።

ነገሩን ይበልጥ የሚያወሳስበው የገና ጾም እስከ ጃንዋሪ 6 መዝለቁ ነው። የአዲስ ዓመቱ ድግስ ጾሙ መሃል ላይ ይወድቃል ማለት ነው። ብዙው ሰው አይጾምም። የሚጾመው ደግሞ ቤተሰቡ ፊት ለፊት እየበላ እሱ የጾም ሰሃኑን ይዞ አብሮ ያመሻል። ለኔ ይህ አብሮ መቀመጥ ከድግሱ ሁሉ ይበልጥ ስለ ቤተሰቡ የሚናገር ነገር ነው።

“ጃንዋሪ 7 የሚያከብሩት ልደቱ ያን ቀን ነው ብለው ስለሚያምኑ ነው”

አይደለም። እነሱም የሚሉት ዲሴምበር 25 ነው። ልዩነቱ ቤተ ክርስቲያኗ አሁንም የምትጠቀመው በአሮጌው የጁሊያን አቆጣጠር መሆኑ ነው። ይህ አቆጣጠር በአሁኑ ሰዓት ከአዲሱ በ13 ቀን ወደ ኋላ ቀርቷል። መንግሥት በ1918 አቆጣጠሩን ሲለውጥ ሰው ጃንዋሪ 31 ተኝቶ የነቃው ፌብሩዋሪ 14 ላይ ነው። ቤተ ክርስቲያን አልተከተለችም። ከዚህ የተረፈ አንድ ደስ የሚል ነገር አለ፦ ጃንዋሪ 13 ማታ “አሮጌው አዲስ ዓመት” ይባላል። ብዙ ቤተሰብ ለሁለተኛ ጊዜ ገበታ ይዘረጋል፤ ዛፉንም እስከዚያ ድረስ አያነሳም።

“ዴድ ሞሮዝ የእነሱ የገና አባት ነው”

ጺሙ ይመሳሰላል። ግን ዴድ ሞሮዝ፣ የውርጩ አያት፣ የሚመጣው ለአዲስ ዓመት ነው። ረጅም ካባ ለብሶ በትር ይይዛል። ብቻውንም አይመጣም፤ የበረዶዋ ልጅ፣ የልጅ ልጁ ስኔጉሮችካ አብራው ናት። ልጆች ስጦታቸውን ከማግኘታቸው በፊት ብዙ ጊዜ ግጥም ያነባሉ።

“የሩሲያ በዓል ማለት ቮድካ ነው”

ቮድካ ገበታው ላይ አይጠፋም፤ ይህን መካድ አያስፈልግም። ግን የአዲስ ዓመትን ሌሊት የሚገዛው ሌላ ነገር ነው፤ ሰላጣ። ስሙ ኦሊቪዬ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሞስኮ ውስጥ ሄርሚታዥ የሚባል ምግብ ቤት የነበረው ሉሲየን ኦሊቪዬ በሚባል ሼፍ ስም ይጠራል። ያኔ የሀብታም ምግብ ነበር። የዛሬው ግን ማንም ቤት የሚገኝ ነው።

ዲሴምበር 31 ጠዋት ወጥ ቤቱን ብታዩት ይገባችኋል። ድንችና ካሮት ከነልጣጩ ተቀቅሎ እየቀዘቀዘ ነው። አንዱ እንቁላል ይልጣል። ሌላው በጨው የተቀመጠ ኪያርና ዶክቶርስካያ የሚባለውን ቋሊማ በትንንሹ ይከትፋል። ልጆች የአተሩን ጣሳ ይከፍታሉ፤ አተሩንም ይሰርቃሉ። ሁሉም ትልቅ ጎድጓዳ ዕቃ ውስጥ ይገባና በማዮኔዝ ይለወሳል። መጠኑ ለዚያ ማታ ብቻ አይደለም፤ ጃንዋሪ 1 እና 2 የሚበላው ይኸው ነው። ከጎኑ ጨው የበላው ሄሪንግ ዓሣ በድንች፣ በካሮትና በቀይ ሥር ተደራርቦ ይቀርባል። “ካፖርት የለበሰ ሄሪንግ” ይሉታል። መንደሪን ያለሱ አዲስ ዓመት የለም።

ምሽት ላይ ቁጭ ብለው መጀመሪያ አሮጌውን ዓመት ይሸኛሉ። ከእኩለ ሌሊት ጥቂት ደቂቃ በፊት የፕሬዚዳንቱ ንግግር በቲቪ ይመጣል። ከዚያ የክሬምሊን ሰዓት 12 ጊዜ ይደውላል። በዚያች አጭር ጊዜ አንዳንዱ ምኞቱን ብጣሽ ወረቀት ላይ ጽፎ ያቃጥለዋል፤ አመዱን ሻምፓኙ ውስጥ ጨምሮ ደወሉ ሳያበቃ ይጠጣል። አዎ፣ እኩለ ሌሊት ላይ የሚነሳው ብርጭቆ የሻምፓኝ ነው። አገሪቱ 11 የሰዓት ክልል ስላላት በሩቅ ምሥራቅ ጫፍ ካምቻትካ ያለችው አያት እንኳን አደረሳችሁ ብላ ስትደውል ሞስኮ ገና ከሰዓት በኋላ ነው።

“በጥምቀት በረዶ ሰብሮ ውሃ መግባት የሃይማኖት ግዴታ ነው”

ጃንዋሪ 19 የእነሱ ጥምቀት ነው፤ አብዛኛውን ጊዜም የኛ። በረዶው በመስቀል ቅርጽ ተቆርጦ ሰው ሦስት ጊዜ ሲጠልቅ የሚያሳየው ምስል በየዓመቱ ይዞራል። ሆኖም ቤተ ክርስቲያን ማንንም አታስገድድም። ቀሳውስቱ ራሳቸው መጥለቁ ብቻውን ኃጢአት አያስተሰርይም ይላሉ። ለብዙ ቤተሰብ ዋናው ነገር የተባረከውን ውሃ በጠርሙስ ወደ ቤት ማምጣት ነው።

“ማስሌኒትሳ እንደኛ ቅበላ ሥጋ የሚበላበት ነው”

ይህ በጣም የሚስብ ልዩነት ነው። ማስሌኒትሳ ከዐቢይ ጾም በፊት ያለው ሳምንት ነው። በቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ሥጋ ከዚያ በፊት ባለው እሑድ ያበቃል። በሳምንቱ የሚፈቀደው ቅቤ፣ ወተት፣ እንቁላልና ዓሣ ነው። ለዚህ ነው ብሊኒ የሚባለው ስስ የምጣድ ቂጣ በቅቤና በኮምጣጣ ክሬም የሚበላው። የኛ ጾም 55 ቀን ስለሆነ ከእነሱ በአንድ ሳምንት ይቀድማል። ፋሲካችን አንድ ቀን ሲሆን የእነሱ ቅቤ ሳምንት የሚውለው በኛ ዘወረደ ላይ ነው። እኛ ሽሮ ስንጀምር እነሱ ቂጣውን ቅቤ እያጠጡ ናቸው።

ገለባውን አሻንጉሊት ሲያቃጥሉ ያየ ሰው “ይሄማ ባዕድ አምልኮ ነው” ይላል። ክረምትን የመሸኘት አሮጌ ልማድ እንዳለበት እውነት ነው። ግን የመጨረሻው ቀን የይቅርታ እሑድ ነው። ባል ሚስቱን፣ እናት ልጇን “ይቅር በለኝ” ትላለች። መልሱ “እግዚአብሔር ይቅር ይበልህ” ነው።

“ፋሲካን በፋሲካው ቀን ብቻ ነው የሚያከብሩት”

ሥራው ቀደም ብሎ ይጀምራል። የቀይ ሽንኩርት ልጣጭ ለሳምንታት ይጠራቀማል። እንቁላሉ ላይ የፓሲሊ ቅጠል ይለጠፍና በአሮጌ ናይለን ስቶኪንግ ተቋጥሮ በልጣጩ ውሃ ይቀቀላል። ሲወጣ ቀይ ቡናማ ነው፤ ቅጠሉ ያረፈበት ቦታ ነጣ ብሎ ይታያል። ቅዳሜ እንቁላሉንና ኩሊች የሚባለውን ረጅም ዳቦ በቅርጫት ይዘው ለማስባረክ ይሰለፋሉ። ቤተ ክርስቲያን የማይረግጠው ሰው እንኳ እዚህ ሰልፍ ላይ ይገኛል። እሑድ ጠዋት እንቁላል ያጋጫሉ፤ ያልተሰበረለት ያሸንፋል።

መቃብር የሚኬድበት ቀን ደግሞ ራዶኒትሳ ይባላል። ከፋሲካ በኋላ ዘጠነኛው ቀን ነው፤ ማክሰኞ። በሶቪየት ጊዜ ግን ብዙዎች በፋሲካው ዕለት መሄድ ለመዱ፤ አሁንም የሚያደርጉት አሉ።

“ማርች 8 የፖለቲካ ቀን ነው”

አመጣጡ ነው። በ1917 የፔትሮግራድ ሴቶች አደባባይ የወጡት በዚህ ቀን ነበር፤ በአሮጌው አቆጣጠር ፌብሩዋሪ 23። ዛሬ ግን ቤት ውስጥ የእናት፣ የአያት፣ የሚስትና የአስተማሪ ቀን ነው። ቢጫ ሚሞዛ አበባ በየመንገዱ ይሸጣል። ለሩሲያዊት አበባ የምትገዙ ከሆነ ቁጥሩ ጎዶሎ ይሁን፤ ለሁለት እኩል የሚካፈል ቁጥር የሚወሰደው ለቀብር ነው።

“ሜይ 9 ታንክ የሚታይበት ቀን ነው”

ቲቪ ላይ አዎ። ሰልፉ የመንግሥት ነው፤ ከዩክሬን ጦርነት ወዲህ ደግሞ ቀኑ ከዛሬው ፖለቲካ ጋር ጥብቅ ተሳስሯል። ቤት ውስጥ ግን ሌላ ነገር አለ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት 27 ሚሊዮን ገደማ የሶቪየት ሰው አልቋል። ያልተነካ ቤተሰብ ማግኘት ይከብዳል። ስለዚህ የአያት ፎቶ ከሳጥን ይወጣል፤ ሜዳሊያው ይጠረጋል፤ ከግንባር የመጣ ደብዳቤ ካለ ይነበባል። ለሞቱት ሲጠጣ ብርጭቆ አይጋጭም። በ2012 ቶምስክ ከተማ ሰዎች የዘመዶቻቸውን ፎቶ ይዘው ወጡ፤ “የማይሞተው ክፍለ ጦር” ተባለና አገሩን አዳረሰ። በ2023 በጸጥታ ስጋት የአደባባይ ሰልፉ በመላ አገሪቱ ተሰረዘ። ፎቶው ግን ግድግዳው ላይ አለ።

ሜይ 1 ደግሞ ቀይ ባንዲራ ብቻ የሚመስለው አለ። ዛሬ አብዛኛው ቤተሰብ ዳቻ ወደሚባለው የገጠር ጎጆው ይሄዳል። መሬቱን ይቆፍራል፣ ሻሽሊክ የሚባለውን በሽቦ የተሰካ ሥጋ ይጠብሳል።

“ሁሉም ኦርቶዶክስ ነው”

ሩሲያ ውስጥ ከ190 በላይ ብሔረሰቦች ይኖራሉ። በታታርስታን፣ በባሽኮርቶስታን፣ በዳግስታንና በቼችኒያ ኢድ አልፈጥርና አረፋ ሥራ ይዘጋሉ። ታታሮች የዘር ወቅት ሲያበቃ ሳባንቱይን ያከብራሉ፤ ትግልና የፈረስ ግልቢያ አለ። ቡሪያቶች፣ ካልሚኮችና ቱቫዎች ቡድሂስቶች ናቸው፤ በጨረቃ አቆጣጠር የራሳቸው አዲስ ዓመት አላቸው፤ የቡሪያቶቹና የቱቫዎቹ የሚመጣው ብዙ ጊዜ በፌብሩዋሪ ነው። የታታርስታን ዋና ከተማ በሆነችው ካዛን ያለ የሙስሊም ቤተሰብም ቢሆን ዲሴምበር 31 ማታ ኦሊቪዬውን ይለውሳል።