ከወፍጮ ቤት የመጣች ድመት፦ የሚባለውና እውነታው

ደብረ ማርቆስ ውስጥ ጤፍና በቆሎ የሚያኖር ቤት አይጥ አያጣውም። ሲብስ ደግሞ “ከወፍጮ ቤት ድመት አምጣ” ይባላል። እነዚህ ድመቶች ከሰው አጠገብ ይኖራሉ እንጂ የሰው እጅ አልለመዱም። እኔ በተለያየ ጊዜ ሁለት አመጣሁ፤ አንዷ ጠፋች፣ አንዷ አለች። የመጀመሪያዋን ያጣሁት የሰማሁትን ሁሉ በማመኔ ነው።

“አምጥተህ ልቀቃት፣ ቤቱን ራሷ ትለምዳለች”

በማዳበሪያ ከረጢት አምጥቼ ጓሮ ፈታኋት። በአጥሩ ሾልካ ሄደች፣ በዚያው ቀረች። ድመት ካደገች በኋላ የምትተማመነው በምታውቀው ቦታ ነው፤ አዲስ ቦታ ከተለቀቀች የድሮውን ፍለጋ ትሄዳለች። ሁለተኛዋን ጎተራው አጠገብ ባለች እቃ ቤት 3 ሳምንት ዘጋሁባት። ውኃ፣ ምግብ፣ አሸዋ የሞላ አሮጌ ሳፋ፣ መደበቂያ የሚሆን ካርቶን አስገባሁላት። መጀመሪያ በሩን ስከፍት ከካርቶኑ ውስጥ ሁለት ዓይን ብቻ ይታየኛል፤ ጠጋ ካልኩ “ፍፍፍ!” ትልብኛለች። ምግቡን ሁልጊዜ በተመሳሳይ ሰዓት አስቀምጬ፣ ዓይን ዓይኗን ሳላይ፣ ትንሽ ተቀምጬ እወጣ ነበር። በሁለተኛው ሳምንት እኔ እያለሁ መብላት ጀመረች።

“ካልተራበች አይጥ አትይዝም”

ትይዛለች። አደን ለድመት ረሃብ ብቻ አይደለም፤ የጠገበችም ስታድን ትውላለች። የራባት ግን ወደ ጎረቤት ማድ ቤት ትሻገራለች፣ እዚያም ዱላ ይጠብቃታል። ድመት ካመጡ በኋላ የአይጥ መርዝ መበተን ደግሞ ከንቱ ነው፤ የተመረዘውን አይጥ የምትበላው እሷው ናት።

“ወጥ ፍትፍት ይበቃታል፤ በጾም ከእኛው ጋር ትጹም”

ይህን እኔም አምን ነበር። ሁዳዴ 55 ቀን ነው፤ ያን ሁሉ ቀን የሽሮ ፍትፍት ብቻ የምትቀርብላት ድመት ትጎዳለች። ታውሪን የሚባል ንጥረ ነገር ሰውነቷ በበቂ መጠን አይሠራም፣ ከሥጋ ነው የምታገኘው፤ ለረጅም ጊዜ ካጣችው ዓይኗና ልቧ ይታመማሉ። ወጣችን ደግሞ ያለ ሽንኩርት አይሠራም፤ ሽንኩርት፣ የበሰለውም ቢሆን፣ የድመትን ቀይ የደም ሕዋስ ያጠፋል። “ድመት መንኩሳ ዓመሏን አትረሳ” የተባለው ለነገር ቢሆንም እዚህ ላይ ቃል በቃል ልክ ነው፤ ምንኩስናው አይሆንላትም። እኔ ሳንባ ቀቅዬ እሰጣታለሁ፤ በጾም ቅቅል እንቁላል። ወተትም ብዙ ያደጉ ድመቶችን ያስቀምጣቸዋል፤ ውኃ ይሻላል።

“የእብድ ውሻ በሽታ የውሻ ነው”

ስሙ ነው ያሳሳተን። ድመትም ይይዛታል፣ ነክሳም ታስተላልፋለች። በድመት የተነከሰ ወይም የተቧጨረ ሰው ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በሚፈስ ውኃ 15 ደቂቃ ይጠብ፣ ከዚያ ጤና ጣቢያ ይሂድ። ምልክቱ አንዴ ከታየ መዳን የለም ማለት ይቻላል፤ ነገ ይደረስበታል የሚባል ጉዳይ አይደለም። ድመቷንም ማስከተብ ነው። ክትባት ስትወሰድ ስለ ማምከንም የእንስሳት ሐኪሙን ይጠይቁ፤ ሴት ድመት ገና በ5 ወሯ ልታረግዝ ትችላለች፣ እርግዝናውም 2 ወር ገደማ ነው።

“ካልታቀፈች ውለታ ቢስ ናት”

ድመት ሰውን የምትለምድበት ዋናው ዕድሜ ከ2ኛው እስከ 7ኛው ሳምንት ነው። ያኔ እጅ ያልነካት፣ ካደገች በኋላ መታቀፍን እንደ መያዝ ነው የምትቆጥረው። ሁለተኛዋ ድመቴ ውሮ ቤቴ ከመጣች 2 ዓመት ሞላት፤ አንድ ቀን አቅፌያት አላውቅም። እንጀራ በሚጋገርበት ቀን ማድ ቤቱ ደፍ ላይ፣ ከእግሬ አንድ ክንድ ርቃ ትቀመጣለች። ዓይኗን ቀስ አድርጋ ትጨፍናለች፤ እኔም ቀስ ብዬ እጨፍናለሁ። እጄን ከዘረጋሁ ተነሥታ ጎተራው ሥር ትገባለች።